ምዕራፍ 6፦ መራጩ ከመድረሱ በፊት

አንድ ቀይ እሸት ቡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያዙና ጫን አድርጉት። ቆዳው ይሰነጠቅና ሁለት ፍሬ በሚያሙለጨልጭ ጣፋጭ ልጋግ ተለውሶ ሹልክ ይላል። እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጎኑ ጉብ ያለ ነው፤ ሌላው ጎኑ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ መሐል ለመሐል ቦይ ወርዶበታል። ሁለቱ ጠፍጣፋ ጎኖች እሸቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ነው ያደጉት። በገደብ ወረዳ፣ ወርቃም ይሁን ጨልበሳ፣ ሃሎ በሪቲም ይሁን ባንኮ ጎቲቲ፣ ቡና በደረሰ ቁጥር ይህን ሳያደርግ ያደገ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል።

ከብዙ እሸት መሐል አንዳንዱ ሲጨመቅ ግን የሚወጣው አንድ ፍሬ ብቻ ነው፤ ያውም ድቡልቡል። ይህን ድቡልቡል ቡና ለብቻው አስለይቶ የሚገዛ የውጭ ደንበኛ አለ። ዛፉ ያው ነው፣ ቅርንጫፉም ያው። ልዩነቱ የመጣው አበባው ውስጥ ከነበሩት ሁለት የዘር እንቁላሎች አንደኛው ሳይጸነስ ወይም ገና በጅምሩ መክኖ በመቅረቱ ነው። የተረፈው የሚገፋው ጎረቤት ስላጣ ባዶውን ቦታ ሞልቶ ክብ ሆነ። ጠፍጣፋው ጎን ፍሬው በዘር የወረሰው ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ብቻውን የቀረውም ጠፍጣፋ ጎን ይዞ በወጣ ነበር። ጠፍጣፋነቱን የሠራው ሁለት መንትዮች በጠባብ ቤት ውስጥ መገፋፋታቸው ነው።

ስለ ዝግመተ ለውጥ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። አንድ ቅርጽ ባየን ቁጥር «ለምን ይጠቅማል?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከዚያም ጥቅም እናገኝለታለን። ጥቅም ማግኘት ደግሞ ከባድ አይደለም። ነገር አዋቂ ሰው ለዚህ ጠፍጣፋ ጎንም ቢሆን ሁለትና ሦስት ጥቅም አያጣለትም። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ከዚያ የሚቀድም ነው፤ መራጩ ከመድረሱ በፊት ይህን ቅርጽ እዚያ ያስቀመጠው ምንድን ነው?

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመውን መጽሐፍ የጀመረው ከጫካና ከባሕር አልነበረም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ቤት እንስሳትና ስለ ጓሮ ተክሎች ነው፤ አብዝቶ የሚያወራውም ስለ ርግብ ነው። ርግብ አርቢዎች የወደዱትን ለዘር እያስቀሩ፣ ያልወደዱትን እየጣሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ዘመድ የማይመስል ዓይነት አውጥተዋል። ተፈጥሮም ያለ ሐሳብና ያለ ዓላማ ይህንኑ ታደርጋለች፤ ፍጥረታት ይለያያሉ፣ ልዩነታቸውን ያወርሳሉ፣ ከሚወለዱት ውስጥ ለመውለድ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ሦስቱ ከተሟሉ የተፈጥሮ ምርጫ የግድ ይከተላል።

ገደብ ካሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወደ አንዱ ብንገባ መምረጥ ምን እንደሆነ በግልጽ ይታያል። እሸቱ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የተንሳፈፈው ይገፈፋል። የተፈለፈለውና የታጠበው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን እየለቀሙ ያወጡታል። ለቃሚዋ አንዲት ጥሩ ፍሬ እንኳ አልሠራችም፤ አልጋው ላይ የቀረው ሁሉ ጥሩ የሆነው ግን በእሷ እጅ ነው። ንጽጽሩ የሚያነክስበት ቦታ አለ፤ እሱን አለመናገር ዳርዊንን መበደል ይሆናል። አልጋው ላይ የቀረው ቡና አይወልድም። በተፈጥሮ ግን የተረፈው ይወልዳል፤ ልጆቹም እንደገና ይለቀማሉ። በዚህ መንገድ በአንድ ትውልድ በፍጹም የማይገጣጠሙ ብርቅ ነገሮች በሺህ ትውልድ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ዓይንን የመሰለ ነገር የተገኘው እንዲህ ነው። ምርጫ ከወንፊት በላይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እንዲያም ሆኖ አልጋው ላይ ምን እንደሚሰጣ የምትወስነው ለቃሚዋ አይደለችም። የተለመደው መልስ «ሚውቴሽን ነው የሚያቀርበው፤ እሱ ደግሞ በዘፈቀደ ነው» የሚል ነው። መልሱ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ሚውቴሽን የፍጥረቱን ችግር አይቶ አይመጣም፤ በዚህ ረገድ ዘፈቀደ ነው። ነገር ግን በዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ ቅጠል ወይም ፍሬ ለመሆን በእድገት በኩል ማለፍ አለበት። እድገት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሕዋሳት ይገፋፋሉ፣ ይሳሳባሉ፣ ኬሚካል ይላላካሉ፤ ማንም ከላይ ሆኖ ሳያዛቸው በዚህ ግንኙነት ብቻ መልክ ይይዛሉ። ሊቃውንት ራስን ማደራጀት የሚሉት ይህን ነው።

ይህን ለማየት ከቡናው ሥር ወጥቶ ወደ እንሰቱ መሻገር ይበቃል። በጌዴኦ ምድር መሻገሩም አሥር እርምጃ አይፈጅም፤ ቡናና እንሰት አንድ ማሳ ላይ ነው የሚኖሩት፣ ከላያቸው ብርብራና ዋንዛ አጥልቶባቸው። ዩኔስኮ በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከትክል ድንጋዮቹና ከተጠበቁት ደኖች ጋር ይህን የእርሻ ሥርዓትም ቆጥሮ ነው።

እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ ያየ ሰው ውስጡን ያውቀዋል። ግንድ የሚመስለው ግንድ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን አቅፎ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። ሴቶቹ ከውጭ ጀምረው አንድ በአንድ ይነጥሉታል። እያንዳንዱ የቅጠል እግር ከቀደመው ዞር ብሎ ነው የበቀለው፤ ነጥለው ነጥለው መሐሉ ላይ ሲደርሱ ገና ያልተፈታ ነጭ ቅጠል ያገኛሉ። የቅጠሎቹ መነሻ ታች፣ አሚቾ በሚባለው አፈር ውስጥ ባለው ወፍራም ግንድ ራስ ላይ ያለች ትንሽ የእድገት ጫፍ ናት። አዲስ ቅጠል ሁሉ ከእሷ ይወጣል፤ እየዞረም ወደ ላይ ይሄዳል። ዙሩን ማን ለካው?

በ1992 ስቴፋን ዱዋዲና ኢቭ ኩዴር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ያለ ምንም ተክል ሞከሩት። ዘይት በሞላበት ክብ ሳህን መሐል ላይ ማግኔት የሚገዛው ፈሳሽ በጠብታ በጠብታ ጣሉ። ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ስለሆኑ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ከመሐልም ወደ ዳር ይሸሻሉ። አዲሱ ጠብታ ሁልጊዜ ከቀደሙት ይበልጥ ወደሚርቅበት ይሄዳል። በዝግታ ሲንጠባጠብ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ሄደ። ሲያፈጥኑት ግን ጠመዝማዛ መስመር ተሠራ፤ በተከታታይ ጠብታዎች መካከል ያለውም ማዕዘን ወደ 137.5 ዲግሪ ተጠጋ። ይህ በሱፍ አበባና በብዙ ተክሎች ላይ የሚለካው ማዕዘን ነው። ሳህኑ ዘረመል የለውም፤ አያት ቅድመ አያትም የለውም። በሳህኑ ላይ የተመረጠ ነገር የለም።

ተክል ውስጥ የጠብታውን ሥራ የሚሠራው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ነው። የሚጀምር ቅጠል በዙሪያው ያለውን ኦክሲን ወደ ራሱ ይስባል፤ ስለዚህ አጠገቡ ሌላ ቅጠል ሊነሳ አይችልም። ቀጣዩ የሚነሳው ኦክሲን ሊጠራቀም በሚችልበት፣ ከቀደሙት በራቀ ቦታ ነው። ቡናም የሚከተለው ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን በጥንድ በጥንድ ያወጣል። ቀጥ ብሎ በሚወጣው ግንድ ላይ አንዱ ጥንድ ምሥራቅና ምዕራብ ከተዘረጋ ቀጣዩ ሰሜንና ደቡብ ይዘረጋል። ሕጉ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ መልኩ ተለወጠ።

እዚህ ላይ የምርጫ ድርሻ ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። ምርጫ የሆርሞኑን መጠን፣ የእድገት ጫፏን ስፋት፣ ቅጠል የሚነሳበትን ፍጥነት ሊነካ ይችላል። እነዚህን በነካ ቁጥር ተክሉ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ይዘላል። በሁለቱ መሐል ያለውን ሁሉ ግን አያገኝም፤ ምክንያቱም መሐል ላይ የሚቆም ሥርዓት የለም። የተክሎችን ቅጠል አደራደር የሚያጠና ሰው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዝርያዎች ላይ ደጋግሞ የሚያገኘው ጥቂት ዓይነት አደራደር ብቻ መሆኑ ከዚህ ይመጣል።

የጌዴኦ ገበሬ ይህን በሌላ በኩል ያውቀዋል፤ ይሠራበታልም። እንሰት የሚባዛው በዘር አይደለም። ገና ለጋ የሆነ እንሰት ይቆረጥና የአሚቾው መሐል፣ ማለትም ያቺ የእድገት ጫፍ፣ ተፈልፍላ ትወጣለች። ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ተሞልቶ ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከጠርዙ ዙሪያ ችግኝ ይፈላል፤ ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ። ገበሬው ለእያንዳንዱ ችግኝ «አንተ እዚህ ውጣ» አላለም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ አፍና ይዛ የነበረችውን ጫፍ አነሳ። ያቺ ጫፍ እስካለች ድረስ የምትልከው ሆርሞን የጎን ቡቃያዎችን ያስተኛል። እሷ ስትነሳ የተኙት ይነቃሉ፤ እርስ በርስም ቦታ ይከፋፈላሉ።

ያረጀ ቡና ሲጎነደልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ከጉቶው ብዙ ቀጥ ያለ ቡቃያ ይወጣል። ከዚያ ገበሬው መጥቶ ሁለት ወይም ሦስቱን ያስቀርና ሌላውን ይመለምላል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ በሙሉ እዚህ ጉቶ ላይ ነው። ቡቃያዎቹን ያመጣቸው፣ ያራራቃቸው፣ ቀጥ ያደረጋቸው የተክሉ ውስጣዊ ሥርዓት ነው። የትኞቹ እንደሚኖሩ የወሰነው ቢላዋ ነው። ገበሬውን ብቻ ያየ ዛፉን የሠራው ቢላዋው ይመስለዋል። ተክሉን ብቻ ያየ ደግሞ ለምን ሦስት ብቻ እንደቀሩ መናገር አይችልም።

ቡና ላይ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ነገር አለ። ከጎን ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሥር እንዲያወጣ የተደረገ ቡና ዕድሜ ልኩን ወደ ጎን እየተንፏቀቀ ያድጋል እንጂ ቀጥ ያለ ዛፍ አይሆንም። ቀጥ ካለው ቡቃያ የተቆረጠው ግን ዛፍ ይሆናል። የሁለቱም ዘረመል አንድ ነው፤ ከአንድ ዛፍ የተወሰዱ ናቸውና። ሕዋሳቱ ወዴት እንደሚያድጉ የሚወስን ልማድ ይዘዋል፤ ልማዱም በዘረመሉ ፊደል ላይ አልተጻፈም።

በእርግጥ በተክል ውስጥ የሚታየው መናበብ ሁሉ ራስን ማደራጀት ነው ብሎ መቸኮል አይገባም። ደረቁ ወቅት አልፎ ዝናብ ሲጥል የጌዴኦ ቡና በሙሉ በአንድ ሰሞን ነጭ በነጭ ይሆናል። ዛፎቹ ተነጋግረው አይደለም። የተኛው የአበባ እምቡጥ ከድርቁ በኋላ ውኃ ሲያገኝ ይነቃል፤ ዝናቡም ለሁሉም በአንድ ቀን ደረሰ። ይህ ከውጭ የመጣ ምልክት ነው። ራስን ማደራጀት የሚባለው ምልክቱ ከውስጥ፣ ከክፍሎቹ ግንኙነት ሲወለድ ነው።

ይህን ሐሳብ በሒሳብ መልክ ያቀረበው የእንግሊዙ ሊቅ አላን ቱሪንግ ነው፤ ኮምፒዩተር ከመኖሩ በፊት የኮምፒዩተርን ንድፈ ሐሳብ ያወጣው ሰው። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1952፣ ስለ ፍጥረታት ቅርጽ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ አንዱ ራሱን የሚያባዛ፣ ሌላው ደግሞ የሚያግደው ሁለት ኬሚካል ቢኖሩና አጋጁ ከአባዢው ፈጥኖ ቢሰራጭ፣ አንድ ወጥ ከነበረው ነገር ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ይወጣል። አባዢው ባለበት ይበረታል፤ አጋጁ ዙሪያውን ይዘጋል፤ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ሌላ ነጠብጣብ ይነሳል።

በጣም የምወደው ማስረጃ የተገኘው ከነብር ቆዳ ሳይሆን ከቡና ማሳ ነው። በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት፣ በጥላ ዛፍ ሥር ቡና በሚለማበት አንድ እርሻ፣ ጆን ቫንደርሚርና ኢቬት ፐርፌክቶ የተባሉ የሥነ ምህዳር ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር 45 ሄክታር ላይ ያሉትን ዛፎች በካርታ አሰፈሩ፤ አዝቴካ የተባለው ጉንዳን የትኛው የጥላ ዛፍ ላይ ጎጆ እንዳለውም መዘገቡ። የጥላ ዛፎቹ ማሳውን አዳርሰው ተተክለዋል። ጎጆዎቹ ግን እዚህም እዚያም ተሰባስበው ተገኙ። የጉንዳኑ መንጋ ሲበዛ ከፊሉ ወደ ጎረቤት ዛፍ ይፈልሳል፤ ይህ አባዢው ነው። ጎጆዎች ሲጠጋጉ ደግሞ እንቁላሏን ጉንዳኑ ሰውነት ላይ የምትጥል አንዲት ትንሽዬ ዝንብ ትበዛባቸዋለች፤ ይህች አጋጇ ናት። በ2008 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው ማንም ሳያስተባብር ማሳው ራሱ ነጠብጣብ ሠርቷል።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ጉንዳኑ የቡናን ጭማቂ የምትመጥ አረንጓዴ ቅርፊት ለበስ ተባይ ይጠብቃል፤ ጣፋጭ ፈሳሽ ትሰጠዋለችና። ይህችን ተባይ የሚበላ የጥንዚዛ እጭ አለ። እጩ ጉንዳኑ መሐል ገብቶ የተጠበቀውን ምግብ ይበላል፤ ጉንዳኑም አይነክሰውም፤ ሰውነቱ የጉንዳኑን አፍ በሚለጉም ሰም ተሸፍኗል። ይህ ሰም የምርጫ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ሰሙ የሚጠቅመው ግን ጉንዳኖቹ በተሰባሰቡበት ቦታ ነው። ስብስቡን ደግሞ የሠራው ምርጫ አይደለም። ራስን ማደራጀት መልክ ይሰጣል፤ ያ መልክ ሌላው ፍጥረት የሚለቀምበት አልጋ ይሆናል።

የቱሪንግ ሐሳብ በሁሉም ቦታ አልተሳካለትም። የፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ላይ ሰባት መስመሮች ይወጣሉ፤ ብዙ ሰው የቱሪንግ ሥራ ናቸው ብሎ ጠብቆ ነበር። ሲጣራ መስመሮቹ በተለያዩ የዘረመል ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚታዘዙ ሆነው ተገኙ። የሂሳብ ሰው እንዲህ አይሠራውም፤ ዝግመተ ለውጥ ግን የሠራው እንዲያ ነው። በሌላ በኩል በ2014 የወጣ ጥናት የአይጥ ጣቶች በፅንስ ውስጥ የሚለያዩት በቱሪንግ መንገድ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ በየጉዳዩ መመርመር እንጂ በጅምላ መፍረድ አይቻልም።

በጅምላ ለመፍረድ ከተፈተኑት አንዱ አሜሪካዊው ስቱዋርት ካውፍማን ነው። በ1969 ዘረመሎችን እንደሚበሩና እንደሚጠፉ አምፖሎች ቆጥሮ እያንዳንዱን ከሌሎች ሁለት ጋር በዘፈቀደ አገናኛቸው። መቶ አምፖል ብቻ ቢኖር ሊኖር የሚችለው የመብራትና የመጥፋት ጥምረት ሠላሳ አሃዝ የሚበልጥ ቁጥር ነው። መረቡ ግን በዚያ ሁሉ አልዞረም፤ ፈጥኖ ጥቂት ዑደት ውስጥ ገብቶ ረጋ። ካውፍማን እያንዳንዱን ዑደት እንደ አንድ የሕዋስ ዓይነት፣ እንደ ጉበት ወይም እንደ ነርቭ ሕዋስ፣ አየው። የዑደቶቹ ቁጥር የዘረመሎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ያህል ነው አለ፤ የሰው ዘረመል 100 ሺህ ቢሆን 300 ያህል የሕዋስ ዓይነት ይወጣዋል፤ በዚያ ዘመን ከሚታወቀው ቁጥርም ብዙ አይርቅም። በ1993 ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ይህን ይዞ፣ ለዝግመተ ለውጥ ምርጫ ብቻውን አይበቃውም ሲል ተከራከረ።

ቀመሩ አልቆመም። የሰው ዘረመል ሲቆጠር ወደ 20 ሺህ ዝቅ አለ፤ በ2003 ደግሞ የዑደቶቹ ቁጥር እሱ ካሰበው እጅግ ፈጥኖ እንደሚያድግ በሒሳብ ተረጋገጠ። የሚያሳዝነው፣ ተቺዎቹ ከቀመሩ ጋር ዋናውን ነጥብም ጣሉት። ዋናው ነጥብ የተሳሰረ ነገር በተፈጥሮው ወደ ጥቂት መልክ የሚያዘነብል መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ በእንሰቱ፣ በጉቶውና በጉንዳኑ ታይቷል። ካውፍማን ምርጫን ዝቅ ለማድረግ ባይሽቀዳደም ኖሮ አድማጭ ባላጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምርጫን ዝቅ ማድረግ የሚቃጣውን ሰው ወደ 1971 መውሰድ ነው። በዚያ ዓመት የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የሚባለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። በሽታው ኬንያ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖት ነበር። የሚያመጣው ፈንገስ ገና አረንጓዴ የሆነውን፣ በማደግ ላይ ያለውን እሸት ያጠቃል፤ ጥቁር ሰርጓዳ ቁስል ይወጣበታል፣ ከዚያ እሸቱ ጠቁሮ ይረግፋል ወይም ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ቀዝቃዛና እርጥብ ደጋ ይስማማዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ በኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢ ሞልቷል።

የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ሄዱ። የፈለጉት በሽታው ባጠፋው ቡና መሐል ጤነኛ እሸት ተሸክሞ የቆመ ዛፍ ነበር። አገኙም። ዘሩን ወስደው ችግኞቹን በፈንገሱ እያስያዙ ፈተኑ፤ የቆሙትን አስቀሩ። ከመቱ አጠገብ ቢሻሪ ከተባለ ቦታ የተገኘው 74110 የተሰኘው ዓይነት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታሉ። ቅጠሉ ትንንሽ፣ ቁመናው ጥቅጥቅ ያለ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለገበሬ ተለቀቀ።

ቡና ከተተከለ ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላው ፍሬ አይሰጥም። በሽታው ከታየበት እስከ 1974 ድረስ አንድ ትውልድ እንኳ አላለፈም። ስለዚህ የመቋቋም ችሎታውን ፈንገሱ አልፈጠረውም፤ ፈንገሱ ሲመጣ አንዳንድ ዛፍ ላይ ቀድሞ ነበረ። ምርጫ ሌላውን ገድሎ ያንን ገለጠ። ጫካው ያን ያህል የተለያየ ቡና ባይይዝ ኖሮ ባለሙያዎቹ ምን ለቅመው ይመለሱ ነበር?

መልሱ ከአገር በወጣው ቡና ላይ ታይቷል። ከየመን በጃቫ በኩል በ1706 አምስተርዳም የደረሰ አንድ የቡና ተክል ለብዙው የላቲን አሜሪካ ቡና አያት ሆኗል። ይህ ቡና፣ አረቢካ የሚባለው ዝርያ፣ በራሱ የአበባ ዱቄት መጽነስ ስለሚችል ከአንድ ተክል አገር ማልማት ይቻላል፤ የመጣው ልዩነት ግን የአንድ ተክል ያህል ነው። የቡና ቅጠል ዋግ በሽታ ሲነሳ ለመድኃኒት የሚሆነው ዘር የተገኘው በ1927 ቲሞር ደሴት ላይ ከታየ፣ በራሱ ጊዜ ከሮቡስታ ጋር ከተዳቀለ አንድ አረቢካ ነው።

አረቢካ ራሱ የተገኘው እንዲህ ባለ ድንገት ነው። ዘመዶቹ የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እሱ 44 አለው፤ ሮቡስታና ዩጂኒኦይደስ የተባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱም ሙሉ ድርሻ ስለተጠበቀ ነው። በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ይህ የሆነው ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ገምቷል። ሁለቱን ማንም ለጥቅም ብሎ አላጋባቸውም። አንድ ሕዋስ ውስጥ የገቡ ሁለት ሙሉ የዘረመል ስብስቦች አብረው መሥራት ቻሉ፤ ባይችሉ ኖሮ ምርጫ የሚመለከተው ነገር አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን ግን የምርጫ ነው፤ ጥላ፣ ደጋ፣ ድርቅና ፈንገስ በየተራ ለቅመውታል።

እንሰት ላይ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል። አብዛኛው ገበሬ እንሰቱን አበባ ሳያወጣ ይቆርጠዋል፤ አበባ ካወጣ በኋላ ይሞታልና። በዘር ስለማይባዛ ማሳ ላይ ያለው ጋንቲቻ ወይም ቶራቾ የአንድ ጥንታዊ ተክል ቅጂ ነው፤ ልዩነት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ሕዋስ ላይ ከሚደርስ ለውጥና ከጎረቤት ከሚመጣ ችግኝ ነው። ለዚህ ነው የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚያስፈራው። ባክቴሪያውን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ለይተው አሳወቁ። አንዱን ተክል የጣለ ባክቴሪያ ቅጂዎቹንም ይጥላል። ከሌሎቹ ሻል ብሎ የሚቋቋመው ማዚያ የተባለው ዓይነት በደቡብ ገበሬዎች እጅ ተጠብቆ ተገኘ።

በገደብ ማሳዎች ዛሬ 74110ና መሰሉ 74112 ከነባሮቹ ከኩሩሜ፣ ከደጋና ከወሊሾ ጎን ቆመዋል። ኩሩሜ ፍሬው ትንሽ ነው፤ ወሊሾ ትልቅ። አረቢካ ባብዛኛው በራሱ ይጸንሳል፤ ጥቂት አበባ ግን ንብ ከጎረቤት ዛፍ ባመጣችው ዱቄት ይጸንሳል። ከዛፎቹ ሥር የረገፈ እሸት በራሱ ጊዜ ይበቅላል፤ ከእነዚያ ችግኞች መሐል የቢሻሪ ጫካ ደምና የጌዴኦ ደም የተቀላቀለበት አለ፤ በየትኛውም የምርምር ጣቢያ ያልተዳቀለ፣ ቁጥርም ያልተሰጠው። ገበሬው በአረም ወቅት ሲደርስ ከፊሉን ይነቅላል፣ ከፊሉን ወደ ክፍት ቦታ ያዛውራል። የተዛወረው ፍሬ ሲሰጥ በሽታ ከያዘው ይቆርጠዋል።